ለጓድ ሻምበል በኃይሉ፦ ስለ ነብሩ፣ ስለ ጣባው ቅቤ እና ስለ ኦቦ ሮበሌ መታሰር

ላፍቶ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ ሻምበል በኃይሉ፣
ከለቡ ወዲህ ላለው የጦር ሰፈር አዛዥ፣
ባሉበት።

ጉዳዩ፦ አሥር ቀን ሙሉ በእንግድነት ያቆዩብንን ሽማግሌ እንዲመልሱልን ስለመጠየቅ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ እጠይቃለሁ። ዓይንዎ እንደ ወትሮው አነጣጥሮ የሚያይ፣ እጅዎ የማይንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን እኔና የላፍቶ ገበሬ ሁሉ እንመኛለን። በተለይ ይህ የጥር ነፋስ ከፉሪ ተራራ ቁልቁል ሲለቀቅ፣ ጓድ ሻምበል ራሳቸውን በምን ሸፍነው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነው የሰነበትኩት። የጭንቀቴን ምክንያት ደብዳቤው ሲያልቅ እነግርዎታለሁ፤ እስከዚያው ባገኙት ነገር ሸፈን ያድርጉት።

ጸሐፊው እኔ ቀጄላ ዳባ ነኝ። ፊቴን ቢረሱት ድምፄን አይረሱትም። እሑድ እሑድ ወታደሮችዎ ለአደን ሲወጡ ከገደሉ ሥር ቆርቆሮ እየቀጠቀጥኩ አውሬ የማስወጣው፣ ጩኸቴ ከላፍቶ ተነሥቶ ብስራተ ገብርኤል ድረስ የሚሰማው ድንጋይ ጠራቢ እኔ ነኝ። አምና ይህን ጊዜ በአውራ ጣት ነበር የምፈርመው። ዘንድሮ በመሠረተ ትምህርት ሰባት ወር ማታ ማታ ተምሬ፣ ከሠላሳ ሁለት ተማሪ አንደኛ ወጥቼ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። ያልመሰለው ሰው ወፍጮ ቤት ሄዶ ሁለተኛ የወጣውን ዳኜን ይጠይቅ፤ ፊቱን እያጠቆረም ቢሆን ያምናል።

ይህ በሕይወቴ የጻፍኩት ሁለተኛ ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያውን የጻፍኩት ለአክስቴ ሲሆን፣ እሷ ማንበብ ስለማትችል እስካሁን መልስ አላገኘሁም። እርስዎ ግን ማንበብ እንደሚችሉ ስለማውቅ ተስፋዬ ትልቅ ነው። አስተማሪያችን ኤሌኒ ደብዳቤውን አላየችም፤ እንዳልጽፍ ብትለምነኝም አልሰማኋትም። ስለዚህ የፊደል ስሕተት ቢያገኙ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ እውነት ቢያገኙም እንዲሁ የእኔ ነው፤ እሷን አይጠይቁብኝ።

ቅሬታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ። ቁጥር እስከ መቶ ተምረናል፤ የእርስዎን ጊዜ በማክበር ግን ከአምስት አላልፍም።

፩ኛ. ስለ አደኑ ዕድል

በኅዳር ወር ወደ ገበሬ ማኅበራችን ስብሰባ መጥተው ያደረጉትን ንግግር እስከ ዛሬ አንረሳውም። ወጣት ወታደሮች እሑድ እሑድ በሰፈራቸው ተቀምጠው ከሚያዛጉ፣ የአደን ዕድል ቢያገኙ ዓይናቸው ዒላማ ይለምዳል፣ እግራቸው ይፍታታል፣ የሰፊውን ገበሬ ጠላት ከርከሮንና ጅብንም ያጠፉለታል አሉን። እርስዎ ራስዎ የገበሬ ልጅ መሆንዎን፣ አባትዎም ጥሩ አዳኝ እንደነበሩ ጨምረው ነገሩን። አጨበጨብን። እኔ ከሁሉም አስበልጬ አጨበጨብኩ፤ የድንጋይ ጠራቢ መዳፍ ስለሆነ ጭብጨባዬ ብቻውን እንደ ሦስት ሰው ይሰማል።

ከዚያ ወዲህ በነበሩት እሑዶች ልጆቹ ሁለት ከርከሮ፣ አንድ ሚዳቋ፣ አንድ ጅብ፣ አንድ የሊቀ መንበራችን የዲንሳ ቀፎ እና አንድ የጫልቱ አህያ ጆሮ መትተዋል። አህያዋ በጥይት ከተበሳች ወዲህ ስትጠራ ቶሎ ትመጣለች፤ ለዚህም እናመሰግናለን። በልጆቹ በኩል ምንም ቅሬታ የለንም። እንዲያውም ለምደናቸው ነበር። ገሚሶቹ ከእናታቸው ቤት ከወጡ ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። አንዱ ሚዳቋ ከመታ በኋላ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ እንባው ሲወርድ አይተን ዞር አልንለት። ቆሎ አብረውን ይቆረጥማሉ፣ በአውድማ ላይ ገለባ ያነሡልናል፣ ሽማግሌውን «አባባ» ይላሉ። የአደኑ ዕድል ለእነሱ በእርግጥ ዕድል ነበር። ዕድሉ የጠመመው ነብር ሲመጣ ነው።

፪ኛ. ስለ ነብሩ እና ስለ ቅቤው

ጥር ፫ ቀን እሑድ የሆነውን እርስዎ ያውቁታል። ነገር ግን ይህ ለሕዝብ የሚለጠፍ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ እዚያ ላልነበረ አንባቢ ስል እደግመዋለሁ። የሳትኩት ካለ በጽሑፍ ያርሙኝ፤ እርማት ለምጃለሁ።

ነብሩ ከገና በፊት ጀምሮ ሁለት ጥጃና ቁጥር የሌለው ውሻ ወስዶብን ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ኦቦ ሮበሌ ዱጉማ ተኳሾቹን ቦታ ቦታቸውን አስያዙ። ኦቦ ሮበሌ ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ እኔ ፊደል ከመቁጠሬ ከአርባ ዓመት በፊት እሳቸው ዱካ ያነቡ ነበር። እርስዎን ከሁሉ የተሻለው ቦታ፣ ምንጩ አጠገብ አቆሙዎት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ወታደር ወጋየሁን ደግሞ ማንም ወደማይፈልገው ወደ ታችኛው ገደል ሰደዱት። አድልዎ ነበረ ከተባለ ያን ጠዋት ያደሉት ለእርስዎ ነው።

እኔ ቆርቆሮዬን መታሁ። ነብሩ ግን ማዕረግ አይቶ የሚሄድ እንስሳ ስላልሆነ ምንጩን ትቶ ወደ ታች ወረደ። አንድ ተኩስ ሰማሁ። ቆየት ብሎ፣ ሰው አንድ ዋንጫ ጠላ ጠጥቶ ሊጨርስ በሚችልበት ጊዜ ልዩነት፣ ሌላ ተኩስ ሰማሁ። ቀጋውን እየጣስኩ ስደርስ ነብሩ ተዘርሯል፤ እርስዎም ከአሥር እርምጃ ላይ ጠብመንጃዎ እየጨሰ ቆመዋል። እኔም ያየሁት ይህንኑ ብቻ ስለነበር አፌን ከፍቼ «ሻምበል በኃይሉ፣ ነብር ገዳይ» ብዬ ፎከርኩ። ወደዚህ ጥፋቴ በኋላ እመለሳለሁ።

ለማያውቅ አንባቢ ልማዳችንን ባጭሩ ልንገር። በእኛ አገር ነብር የገደለ ሰው እዚያው በአደኑ ቦታ ራሱን ለጋ ቅቤ ይቀባል፤ ቅቤውም እስኪጠፋ ድረስ ጸጉሩን አይታጠብም፤ ሰው ሁሉ አይቶ ያከብረዋል። የሚቀባው የአደኑ ሽማግሌ ነው። ገዳይ የሚባለው ደግሞ አውሬውን መጀመሪያ ያደማው ሰው እንጂ ከወደቀ በኋላ ደርሶ የጨረሰው አይደለም። ሽማግሌው ሳይቀባ በፊት ደሙ ከየት እንደጀመረ ሄዶ ያያል። ሕጉ ይኸው ነው፤ አባትዎ አዳኝ ስለነበሩ ለእርስዎ አዲስ አይሆንም።

የኦቦ ሮበሌ ባለቤት ወይዘሮ አማከለች የእኔን ፉከራ ሰምተው ቅቤውን በጣባ ይዘው መጡ። እርስዎም እኔ ራሴ በጠረብኩት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቆብዎን አወለቁ። ከጎንዎ አስቀመጡት። ራስዎንም ዝቅ አድርገው ጠበቁ። ይህን በዓይናችን ያየን፣ ወታደሮቹን ሳንቆጥር፣ ሃያ ሦስት ሰዎች ነን።

ኦቦ ሮበሌ ነብሩን ገልብጠው አዩት። ደሙን እየተከተሉ ቁልቁል ወረዱና ከገደሉ ሥር አንድ የጥይት ቀለህ በመዳፋቸው ይዘው ተመለሱ። አሸተቱት። «ታች የነበረ ማነው?» ሲሉ ልጆቹ ሁሉ ጫማ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። አንደኛው በሹክሹክታ «ወጋየሁ፣ ዝም በል» ሲል እኔ ሰማሁ። እኔ ከሰማሁ እሳቸውም ሰምተዋል።

ጣባውን ተቀበሉ። እጃቸውን ነከሩ። ወደ እርስዎ መጡ። ሲቀርቡ ጊዜ እርስዎ አንገትዎን ጥቂት ጨምረው ዝቅ አደረጉ። እሳቸውም አጠገብዎ ደረሱ፤ አለፉም።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ። ራስህን ዝቅ አድርግ» አሉት ወጋየሁን።

«አባባ፣ ይቅርብኝ። እኔ አልተኮስኩም» አለ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«እኔ አንተን አልጠየቅሁህም፤ ደሙን ነው የጠየቅሁት» ብለው ቀቡት። ከዚያም ወደ እርስዎ ዞረው «አንተም ከሥቃይ አሳርፈኸዋል፤ ዋቃ ይስጥህ» አሉ።

«አንተ» ስላሉዎት በእሳቸው ፈንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ኦቦ ሮበሌ በጥቂቷ አማርኛቸው የሚያውቁት መጥሪያ «አንተ»ን ብቻ ስለሆነ ቄሱንም፣ ዳኛውንም፣ እግዜርንም የሚጠሩት በዚሁ ነው። እስካሁን የተቀየማቸው አልነበረም።

እርስዎ ሳቁ። «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አሉና ወደ ኋላ ሳያዩ ወደ ላንድሮቨርዎ ሄዱ። እኛም እውነት ጥሩ የሆነ መስሎን ነብሩን መግፈፍ ጀመርን። ቆዳው ሲደርቅ ለቢሮዎ ግድግዳ እንዲላክ ሾፌርዎ ተመልሶ ነገረኝ፤ እኔም በጓሮዬ በችካል ወጠርኩት። ይህን ቆዳ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

፫ኛ. ስለ ኦቦ ሮበሌ ትምህርት

በማግሥቱ ሰኞ ሁለት የማናውቃቸው ወታደሮች መጥተው ኦቦ ሮበሌን ከአውድማ ወሰዷቸው። ጤፍ እያበራዩ ነበር። በሬዎቹ የሚነዳቸው ሰው መሄዱን ሳያውቁ ብቻቸውን ሁለት ዙር ዞሩ፤ ከዚያ ቆሙ። ጤፉ እስከ ዛሬ እንደተነጠፈ ነው። ጥምቀትንም እርስዎ ዘንድ አሳለፉ። ወይዘሮ አማከለች በየቀኑ የሚያመላልሱት ስንቅ በሩ ላይ ይቀራል፤ ዘበኞችዎ ወፍረው ከሆነ በዚህ ነው።

ትናንት ረቡዕ ገበሬ ማኅበሩ ለስብሰባ ተጠራ። ከሰፈርዎ የመጣ አንድ ወረቀት ለሕዝቡ እንዲነበብ ታዟል ተባለ። ሊቀ መንበር ዲንሳ መነጽራቸው ስለተሰበረ (መነጽር ኖሯቸው አያውቅም) ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። «አንደኛ የወጣኸው አንተ አይደለህም? አንብብ እንግዲህ» አሉ። ደረቴን ነፍቼ ተነሣሁ። በሕዝብ ፊት ሳነብ የመጀመሪያዬ ነበር። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

«እኔ ሮበሌ ዱጉማ የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ እንደመሆኔ፣ በአብዮታዊው ሠራዊት ውስጥ ባላባታዊ ሹመት ለማስፋፋት በማሰብ፣ አንድ የሠራዊት አባል ቅቤ በመቀባት በኋላ ቀር ልማድ በክያለሁ። ጓድ ሻምበል በኃይሉ ግን ሙሉ የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ቆባቸውን ከራሳቸው ሳያወርዱ፣ ቆመው በጽኑ ተቃውመውኛል።»

ከሥሩ አውራ ጣት አለ። ያን ጣት አውቀዋለሁ፤ ማጭድ የቆረጠው ጠባሳ በመሐሉ ያልፋል።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ሰባት ወር ሙሉ ተምሬ «ርዝራዥ» የምትለዋን ቃል ሳነብ ሁለት ጊዜ ተደናቅፌያለሁ። ኦቦ ሮበሌ ግን እርስዎ ዘንድ ዘጠኝ ቀን ብቻ ተቀምጠው ከጋዜጣ የማያንስ አማርኛ አቀላጥፈው ተናግረዋል። በአገር ደረጃ ሊሸለም የሚገባው የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ የእርስዎ ሰፈር እንጂ የእኛ ጎጆ አይደለም። ያስተማራቸውን ሰው ለጥቂት ቀን ቢያውሱን፣ በየትኛው መሣሪያ እንደሚያስተምር ብንማር ደስ ይለን ነበር።

አንብቤ ስጨርስ ወይዘሮ አማከለች ከሴቶቹ መሐል ተነሡ።

«ቀጄላ፣ ይሄን የኔ ሽማግሌ ነው ያለው?»

«ጣቱ የሳቸው ነው፣ እማማ» አልኩ።

«ጣቱን አልጠየቅሁህም። እሱ ገበያ ወጥቶ እንኳ ‹ምን ያህል› የሚልለት እኔ ነኝ። ይሄን ሁሉ ከየት አመጣው?»

ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ ባዶ ነው። ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ… ድርጊቱን እናወግዛለን?» አሉ። እጅ ያነሣ የለም። ልጅ ያላቀፈው መሬት ያያል፣ ልጅ ያቀፈችው ልጇን ታያለች። ዲንሳም ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ነፋሱ በረታ፤ እንበተን» አሉ። ነፋስ አልነበረም።

ያልተነበበ አንድ መስመር ቀርቷል። ከጣቱ በታች በትንንሽ ፊደል ስለተጻፈ ለሕዝቡ ሳላነበው ዘለልኩት፤ አሁን በቃሌ ልበለው። «ተከሳሹ ሰኞ ጥር ፲፰ ቀን ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል» ይላል። ወደዚያ ሌላ ቦታ ከተዛወሩት መካከል ተመልሶ ቦታው የት እንደሆነ የነገረን ሰው እስካሁን የለም። ይህን ደብዳቤ ሐሙስ ቀን ተቻኩዬ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ በፊደል ቅርጼ ላይ ማማር ካዩበት ከችኮላ በፊት የነበረ ማማር ነው።

፬ኛ. ስለ ወታደር ወጋየሁ ጸጉር

ላጭታችሁታል። በደረቁ፣ ያለ ውሃ። ትናንት ከሰፈርዎ አጥር ሥር ድንጋይ ሲሸከም አየሁት፤ ራሱ ላይ ሦስት ቦታ ቆስሏል። ሰላም ስለው ማንነቴን እንደማያውቅ ሆነ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ባያውቀኝ ይሻለዋል። ለእሱ ሌላ አልጨምርም፤ በጨመርኩ ቁጥር የሚሸከመው ድንጋይ ይጨምራል ብዬ እፈራለሁ።

፭ኛ. ስለ ራሴ ጥፋት

አሁን ወደ ራሴ እመጣለሁ፤ ስለ ራሴ ማውራት እወዳለሁ።

እሑድ ጠዋት ከላንድሮቨርዎ ሲወርዱ ቀድሜ የተቀበልኩዎት እኔ ነኝ። «ጓድ ሻምበል፣ ዛሬ ራስዎን ያዘጋጁ፤ ቅቤው የእርስዎ ነው» ያልኩዎትም እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ነብሩ ገና ተራራው ላይ ተኝቶ ሳለ ቅቤውን እኔ አደልኩት። ሁለተኛው ተኩስ ሲሰማ ደግሞ ቆዳው ሳይታይ፣ ደሙ ሳይጠየቅ፣ ሽማግሌው ሳይደርስ በእርስዎ ስም የፎከርኩት እኔ ነኝ። በዚህ አገር የአደን ሽማግሌ ከመድረሱ በፊት የገዳይ ስም ጠርቶ የሚፎክር ሰው የለም፤ አርባ ዓመት ሲሞላኝ ይህን ነውር የሠራሁ የመጀመሪያው ሰው ሆንኩ። ያ ጩኸት ባይኖር ወይዘሮ አማከለች ቅቤ ይዘው አይሮጡም፣ እርስዎም ድንጋዩ ላይ አይቀመጡም፣ ኦቦ ሮበሌም በሃያ ሦስት ሰው ፊት ማለፍ አይኖርባቸውም ነበር።

ስለዚህ ባላባታዊ ሹመት የሰጠ ሰው ከተፈለገ፣ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የሰጠሁትም ለእርስዎ ነው። ኦቦ ሮበሌ ያደረጉት የሻሩትን ነው። አብዮታዊ ሕግ ባላውቅም፣ ሹመት የሚሰጥ ታስሮ የሚሽር ይፈታል ብዬ እገምታለሁ። መታሰር ያለበት አፍ የእኔ ነው። ቤቴ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ፣ ደጁ ላይ ያልተጨረሰ መስቀለኛ ድንጋይ ያለበት ነው። ከምሳ በፊት ብትመጡ ታገኙኛላችሁ። የእኔን ቃል ለመጻፍ ግን እንዳትደክሙ፤ ራሴ እጽፈዋለሁ፣ አንብቤም እፈርማለሁ።

ይህን የምለው ደፋር ስለሆንኩ እንዳይመስልዎ። ድፍረቴ ሁልጊዜ በአፌ ላይ ነበር። አሁን ይህን መስመር ስጽፍ እርሳሱን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ ደጁን አይቻለሁ። ነገር ግን ስብሰባው ላይ ያን ወረቀት በገዛ ድምፄ ካነበብኩ ወዲህ፣ ወይዘሮ አማከለች ዛሬ ጠዋት በደጄ ስንቁን ይዘው ሲሄዱም፣ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱም አላዩኝም። ይህ ከመዶሻዬ ይልቅ ከበደኝ።

ልመናዬ እንግዲህ አንድ ናት። ኦቦ ሮበሌ እስከ ቅዳሜ ማታ ወደ አውድማቸው ይመለሱ። ምክንያት አንጠይቅም፤ «ተሳስተናል» የሚል ወረቀትም አንፈልግም። በሬዎቹ ቆመዋል፤ ሰውየው መጥቶ ይንዳቸው፤ ያለቀ ነው።

ይህ ካልተመቸዎ፣ እሑድ ጥር ፲፯ ቀን ከቅዳሴ በኋላ በገበሬ ማኅበሩ ግቢ ውስጥ የነብሩን ቆዳ በውስጥ በኩል ገልብጠን ለሕዝብ እናሳያለን። ቆዳ የወጠርኩት እኔ ስለሆንኩ ያየሁትን ልንገርዎ። ሁለት ጥይት ገብቶበታል። በቀኝ ትከሻው በኩል ያለው ቀዳዳ ዙሪያውን ደም ቋጥሮ እንደ መዳፍ የሰፋ ጠቁሯል፤ እንስሳው በሕይወት ሳለ የተመታበት ነው። በግራ ጎኑ ያለው ቀዳዳ ግን ንጹሕ ነው፤ አንዲት ጠብታ አልቋጠረም። ለምን እንዳልቋጠረ አዳኝም፣ ሥጋ ቆራጭም፣ በግ ያረደ ልጅም ያውቃል፤ ኦቦ ሮበሌ «ከሥቃይ አሳርፈኸዋል» ያሉዎት የሞተ መምታትዎን ሊሸፍኑልዎ ኖሯል። ወታደሮችዎም ቢመጡ ደስ ይለናል፤ የአደን ትምህርታቸው ሳያልቅ በመቋረጡ ቅር ብሎናል። ቆዳውን ለመፈለግ ወደ ጓሮዬ ሰው እንዳይልኩ በአክብሮት አሳስባለሁ፤ ችካሉ ብቻ ነው የቀረው። ሃያ ሦስት ቤት አለን፤ በየቀኑ ቤት ይለውጣል።

ይህንን ሁሉ እንድጽፍ እርሳስ ላስጨበጠኝ አብዮት፣ አደኑን ለፈቀዱልን ለእርስዎ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሽማግሌያችንን ያለ ድካም ላስተማሩ ጓዶች፣ እንዲሁም ወደ ታች በመውረዱ ለነብሩ ያለኝን የማያልቅ ምስጋና እያቀረብኩ፣ የደብዳቤዬን መልስ ሳይሆን የሰውየውን መምጣት በመንገድ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ጩኸቱን ለእርስዎ ክብር ያዋለ፣ አሁን ደግሞ ጽሑፉን የጨመረልዎ፣
ከአክብሮት ጋር፣

ቀጄላ ዳባ
(በስም የተፈረመ፤ ጣት የለበትም)

ግልባጭ፦
ለገበሬ ማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣
ለወፍጮ ቤቱ በር፣ ዳኜ እንዲለጥፈው፤
ለወይዘሮ አማከለች፣ ራሴ ሄጄ አነብላቸዋለሁ፤ ከፈቀዱልኝ።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በመግቢያዬ ላይ ስለ ራስዎ መጨነቄን ጽፌ ነበር። ያን እሑድ ወደ ላንድሮቨርዎ ሲቸኩሉ ቆብዎን ድንጋዩ ላይ ረስተውት ሄደዋል። አቧራውን አራግፌ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፤ ቅቤ አልነካውም፤ ይህንንም ሦስት ሰዎች አይተው ፈርመዋል። ኦቦ ሮበሌ ከበርዎ ሲወጡ በገዛ እጃቸው ያስረክቡዎታል። ሳይወጡ ከቀሩ ግን እሑድ ከቆዳው ጎን እሰቅለዋለሁ። የሌላ ሰው ቆብ ነው የሚል ካለ፣ ከውስጥ በኩል በቀለም ስም ተጽፎበታል። አምና ቢሆን ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ አነበብኩት። «ሻምበል በኃይሉ» ይላል፤ ስምንት ፊደል ነው፤ አንዱንም አልሳትኩም።